«ውጣ» በተባለ ቁጥር የሚወጣው አለቃችን

አማቴ በዚያ እሑድም አለቃችንን አስገደሉት። እኔም እንደ ልማዴ መቀሴን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ «አባባ፣ ምነው? ምነው ግን?» አልሁ። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው፣ የወደቀውን የሸክላ ሰው ልጁ የተሾመለት አባት ያህል በኩራት ይመለከቱታል።

«ሞተ እንጂ አልሸሸም» አሉኝ።

ነገሩን ከሥሩ ካላስረዳሁ ንዴቴ አይገባችሁም። ንፋስ መውጫ ከተማ ልብስ እሰፋለሁ። የቤታችን የፊት ክፍል የእኔ ነው፤ በአንድ በኩል የስፌት መኪናዬ፣ በሌላው በኩል ጨርቅ የምቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ። ያ ጠረጴዛ ነው ጉድ ያመጣብኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ የተማረው ጨዋታ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ የተረት ጦርነት ነው። ግዙፎች አሉ፣ ዘንዶ አለ፣ የሚራመዱ ዛፎች አሉ። ደንቡ እንግሊዝኛ ሆኖ ሞባይሉ ላይ ነው። ወታደሮቹን ራሱ ከወንዝ ዳር ባመጣው ሸክላ አፈር ጠፍጥፎ ሠራቸው፤ ጦራቸው የክብሪት እንጨት ነው፣ የቀባቸውም በእኔ የጥፍር ቀለም ነው። ሳይጠይቀኝ። ያን የሚያህል ጠረጴዛ ያለው የማውቀው ሰው አንቺ ብቻ ነሽ ብሎ አንድ እሑድ ሠራዊቱን በካርቶን ተሸክሞ መጣ።

«የጦርነት ወሬ አልበቃ ብሎን ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«እትዬ፣ እዚህ የሞተ እኮ ለሚቀጥለው እሑድ ይነሣል» አለኝ።

ጠረጴዛዬን ለቀቅሁለት። ጥቅል ጨርቆቼ ተራራ ሆኑ፣ ሰማያዊው ገበር ወንዝ ሆነ፣ የልክ ሜትሬም የዘንዶውን በረራ መለኪያ ሆነ። ደንበኛ ስትመጣ ሜትሩን ከጦር ሜዳ አንሥቼ ወገቧን እለካለሁ፤ ስትሄድ እመልሰዋለሁ። እኔም ቀስ በቀስ ገባሁበት። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደሉንም ንባቡንም በራሴ ነው የለቀምሁት፤ ታሪክ ያለበት ነገር ካየሁ ግን አልቻልም፣ እጄ ይገባበታል።

አማቴ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የስማዳ ገበሬ ናቸው። አማቴ፣ እናታችን ማለቴ ነው፣ ካረፉ ወዲህ እዚያ ብቻቸውን ቀሩ። መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጥቷል፣ ልጆቹ ተበትነዋል። ባለፈው ክረምት ከቤታቸው ሥር ካለው ቁልቁለት ጥጃ ሊመልሱ ወርደው ወደቁ፤ ጉልበታቸው አልነሣ ብሏቸው፣ መንገደኛ አይቶ እስኪያነሣቸው ዝናብ ሲመታቸው ቆዩ። ባለቤቴ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ሄዶ አመጣቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ያመጣቸው እሱ ይሁን እንጂ የያዝኋቸው እኔ ነኝ።

ከተማው ግን አልሆን አላቸው። ጠዋት ተነሥተው ወደ ደጅ ይወጣሉ፣ ባጃጁን ያያሉ፣ «ይኸ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሮጠው? ማሳ የለው፣ ከብት የለው» ብለው ይገባሉ። ዕቃቸውን እየጠቀለሉ «ልሂድ» ይሉኛል። እኔ ስፈታ እሳቸው ሲጠቀልሉ ነው የከረምነው። ከተመለሱ ብቻቸውን ናቸው፤ ሁለተኛ ቢወድቁ ማን ያነሣቸዋል? ልብስ እየሰፋሁ የማስበው ይኸንኑ ነበር። መርፌ እስኪወጋኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ይኸ ፈረሰኛ ገደል አፋፍ ላይ ምን ያደርጋል?» አሉ። የእኔ ፈረሰኛ ነበር። ወደ ሜዳው ሳወርደው ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህሩን ግራ ክንፍ ሰበርሁ። ከዚያ ወዲህ አባባና እኔ በአንድ ወገን፣ መምህሩ ብቻውን በሌላው ወገን ሆንን። ስለ ስማዳ ማውራቱን ባይተዉም መጠቅለሉን ተዉ። እግዚአብሔር ይስጠው ይኼን የሸክላ ጦር አልሁ፤ ቸኩዬ ነው የመረቅሁት።

ችግሩ አለቃችን ነው። በመምህሩ ደንብ አለቃችን አስማተኛ ሽማግሌ ነው፤ አባባ «አስማተኛ አላሰልፍም» ብለው አሻፈረኝ ስላሉ አለቃው ብለን ብቻ ተውነው። ጥበቡ ድምፁ ነው። ከእሱ ሁለት ስንዝር ውስጥ ያለ ጭፍራ ዘንዶም ቢመጣበት አይሸሽም። ጉልበት ግን የለውም፤ ከነኩት ይወድቃል። እሱ ከወደቀ ደግሞ ጦሩ ሁሉ ይበተናል። የመምህሩ አለቃ ቀንዳሙ እንደዚያ አይደለም፤ ራሱ ግዙፍ ነው፣ መጥረቢያ ይዟል፣ ጠላቱን ራሱ ፈልጎ የሚገጥም ነው።

ሁለት ጭፍራ ሲገናኝ አንዱ የሌላውን አለቃ ለፍልሚያ፣ አንድ ለአንድ፣ መጥራት ይችላል። የተጠራው መውጣት ይችላል፤ አልወጣም ብሎ ወደ ኋላ መግባትም ይችላል፣ ያን ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ አይሰማም እንጂ አይሞትም። ወይም ከዚያው ጭፍራ ሌላ ጎበዝ ስለ እሱ ይወጣለታል። እኛ ለዚህ ብለን ከአለቃው ጎን ጋሻ ጃግሬ አቁመናል፤ ወፍራም ነው፣ ጋሻው የጠርሙስ ክዳን ነው። ደንቡ ይህን ሁሉ ቀዳዳ ሰጥቶን ሳለ አባባ የሚያውቁት አንዱን ብቻ ነው። መውጣት!

መምህሩም አባቱን ያውቃል። ሞባይሉ ላይ ያለው ደንብ ፍልሚያ ጠይቅ ይላል እንጂ ፎክር አይልም። ፉከራውን የጨመረው እሱ ነው። ቀንዳሙን ብድግ ያደርግና፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ በዚያች በእኔ ጠባብ ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደ፣

«ዘራፍ! ዘራፍ የቀንዱ ጌታ! ከጨርቅ ቁራጭ መሀል የተወሸቅህ፣ ወንድ ከሆንህ ውጣ!» ይላል።

«አለሁ!» ይላሉ አባባ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ከበርጩማው እንዴት እንደሚነሡ አላውቅም፤ ይነሣሉ። አለቃውን አንሥተው ከቀንዳሙ ፊት ያቆሙታል። ማን እንደሚወድቅ የሚለየው ባለ ነጥብ ጠጠር፣ ዳይሱ፣ ይወረወራል። አለቃው ይወድቃል። ጦሬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት የከረምሁት ጦሬ፣ በየአቅጣጫው ይሸሻል።

ያልሞከርሁት የለም።

«አባባ፣ ጋሻ ጃግሬው ይውጣለት።»

«የተጠራው ማን ነው?»

«አለቃው።»

«እንግዲያ አለቃው ይወጣል።»

«በድሮ ጊዜስ ጌታው ሳይነካ ጋሻ ጃግሬው ይቀድም አልነበር? አንቱ አይደሉ የነገሩኝ?»

«ይቀድማል። ግን ጌታው በስሙ ሲጠራ ከአሽከሩ ኋላ አይደበቅም። ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው? ሰዉ ሁሉ ሸክላ ነው!»

«ሸክላም ቢሆን።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ አለቃውን ከቡናማው ጥቅል ጨርቅ ኋላ ሸሸግሁት፤ ከዚያ ሆኖ ድምፁ ይሰማል፣ ቀንዳሙ ግን አይደርስበትም። አንዲት ደንበኛ የቀሚስ ልክ ልታስወስድ መጣች። ደረቷን ለክቼ ዞር ስል አለቃው ከግንባር ቀደሙ መሥመር ፊት፣ ለብቻው፣ ሜዳ ላይ ቆሟል።

«ማን አወጣው?»

«እኔ። እዚያ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ፈርቶ መሰለኝ።»

ደንበኛዬ ማን እንደፈራ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት?

መምህሩንም ደጅ ይዤው ወጥቼ ለምኜዋለሁ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን እንኳ ተሸነፍላቸው። ፉከራውንስ ብትተወው ምን ይጎድልብሃል?»

«እትዬ፣ ብሸነፍላቸው ያውቁብኛል። አንድ እሑድ ሳልፎክር ብጫወት ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ታመሃል ወይስ ንቀኸኝ ነው?›»

ልክ ነው፣ ብለውታል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ከአባትና ከልጅ መሀል ገብቼ ያተረፍሁት የራስ ምታት ነው።

እንግዲህ በዚያ «ሞተ እንጂ አልሸሸም» ባሉበት እሑድ መምህሩ ሳቀ። ወታደሮቹን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ ሳቁ አልቆምለት ብሎ፣ «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ? አንቱ እኮ የሚዋጉት ለእኔ ነው» አላቸው።

ቀልዱን ነው። አባባ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። ትንሽ ቆይቼ ብገባ ዕቃቸውን ጠቅልለዋል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ገመድ ስጪኝ አሉኝ። ገመድ ጠይቀው አያውቁም ነበር።

«ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ለገበያ ይመጣል። ከእሱ ጋር እገባለሁ። እዚህ ለምን እቀመጣለሁ? እህል አልዘራ፣ ከብት አልጠብቅ። ለጨዋታ እንኳ አልሆንሁ።»

ባለቤቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ነበር፤ ደወልሁለት። «እስቲ አንቺ አግባቢያቸው፣ አንቺን ይሰሙሻል» አለኝና መንገደኛ ሞላልኝ ብሎ ዘጋው። ይሰሙሻል! የሚሰሙኝ ቢሆንማ አለቃዬ በየሳምንቱ ይሞትብኝ ነበር?

ተናድጄ አደርሁ። ጠዋት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ እየረገጠ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ አንድ ነገር መጣልኝ። ወንድ ከሆንህ ውጣ ሲባል መውጣት ግዴታ ከሆነ፣ ወንድ ያልሆነስ? ከሰዓት በኋላ አለቃውን እኛ ቤት ከሚያድረው ካርቶን አወጣሁት። ጢሙን በመርፌ ፋቅሁት። ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከተረፈው ጥበብ ጣት የምታህል ቀሚስ ሰፋሁ፣ በቀይ ክር መቀነት አስታጠቅሁ፣ ከጥቁር ክር ሹሩባ ሠርቼ ራሱ ላይ አጣበቅሁ። ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው ይኼን የምሠራው!

በማግስቱ ሚካኤል ነበር። እኔ በበዓል መኪና አልረግጥም፤ መምህሩም የከሰዓት ክፍል አልነበረውም። አባባን «የመሰናበቻ አንድ ጊዜ» ብዬ ለምኜ አስቀመጥኋቸው። መምህሩ ሴትዮዋን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እትዬ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«አለቃው እሑድ ሞቷል። ሚስቱ ጦሩን ወርሳለች።»

«ደንቡ እኮ…»

«ደንቡ አለቃ ወንድ ይሁን ይላል?»

ሞባይሉን ወደ ላይ ወደ ታች ሲገፋ ቆየ። «አይልም» አለ።

አባባ ሴትዮዋን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አዩዋት። «የየት አገር ሰው ናት?»

«የጋይንት» አልሁ፤ እኔ የላይ ጋይንት ልጅ ነኝ።

«እንግዲያ አስቸጋሪ ናት» ብለው አስቀመጧት።

ጦሩ ተገናኘ። መምህሩ ቀንዳሙን ብድግ አደረገ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለ። «ዘራፍ! ዘራፍ የቀንዱ ጌታ! አንቺ ከጨርቅ መሀል…» አለና አባቱን አየ።

«ቀጥል እስቲ» አሉት አባባ። «አንቺ ብለህ ቀጥል።»

«አባባ፣ ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታም ቢሆን አፉ ያንተ ነው። በሴት ላይ መፎከርን ከማን ቤት ነው የተማርኸው?»

ልጁ ፊቱ ቀላ። ኮቱን አወረደ። ቀንዳሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እመቤት፣ ካልከበደዎ ወደ ፊት ብቅ ቢሉልኝ» አለ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ።

«አትወጣም!» አሉ አባባ። «ሴት የሚጠራ ወንድ መጀመሪያ ወንዶቿን ይለፍ!» ይኸው፣ ማንም ሳይለምናቸው ጋሻ ጃግሬውን አንሥተው ከቀንዳሙ ፊት ገተሩት። እሱ ብቻ መሰላችሁ? ከዘራቸውን ወደ ላይ አድርገው ራሳቸው ፎከሩለት። የክዳን ጋሻ የታጠቀው የሸክላ ሰው ያን ያህል ፉከራ ተፎክሮለት አያውቅም። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ያን ሁሉ እሑድ ስለምነው የነበረውን ነገር አንዲት ቁራጭ ጥበብ ሠራችው።

ዳይሱ ተወረወረ። ጋሻ ጃግሬው ወደቀ፣ ይውደቅ። አለቃችን ቆማለች! ጦሩ አልተበተነም! በቃ፣ ዛሬ አሸነፍን፣ አባባም ስማዳን ረሱ ብዬ እጄን ሳፋትግ፣ አባባ ሴትዮዋን ከጭፍራዋ መሀል መዘዟት። ጠረጴዛው ጥግ ድረስ ወሰዷትና ከክር ጥቅሎቼ ኋላ አስቀመጧት።

«አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ይበቃታል። ሴት ልጅ ከዘንዶ ፊት አላቆምም። እዚህ ደኅና ናት።»

«እዚያ ከሆነች ድምፅዋ አይሰማም! ሁለት ስንዝር ነው!» ሜትሬን ዘረጋሁ፤ ምን ያደርጋል፣ የጠረጴዛው ግማሽ ነው የራቀችው።

«አይሰማ። እሷ ትትረፍ እንጂ።»

ዘንዶው በረረ። የግራ ክንፌ አይዞህ የሚለው ሰው ሲያጣ ሸሸ። መሀሉ ተከተለው። ቀኙ ምን ሲያይ ይቆማል? ሸሸ። መምህሩ በዚህ ጊዜ አልሳቀም፤ ወታደሮቹን በቀስታ ይለቅም ጀመር። ጠረጴዛው ላይ የእኛ ወገን የሆነች አንዲት ነፍስ ቀረች፤ ቀሚሷ ሳይቆሽሽ፣ ከክሩ ኋላ።

ያን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ። አማቴ መሆናቸውንም በዓል መሆኑንም ረሳሁት።

«ተረፈች! ደስ አለዎ? ምን ልታደርግ ነው የተረፈችው? ሰዎቿ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ! ከሰው ርቃ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ማንን ልታዝ ነው? ክሩን? ማንም የማይሰማት ከሆነ ደኅና ሆነች አልሆነች ለማን ነው?»

ስለ ሸክላዋ ሴት ነበር የምናገረው። ተናግሬ ስጨርስ ግን መምህሩ ካርቶኑ ውስጥ አቀረቀረ። አባባ ሴትዮዋን ከክሩ ኋላ አንሥተው የተጣመመ መቀነቷን አቃኑላት፤ ባዶው ጠረጴዛ መካከል አቁመዋት ወደ ውስጥ ገቡ።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ ያወራነው «ምሳ ቀርቧል» እና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብቻ ነው። ጥቅሉ በገመድ ታስሮ በር ሥር ተቀምጧል። እኔም እየተናደድሁ ስንቅ አዘጋጀሁ፤ በሶውን ስፈጭ ያገኘኝን ሰው ልጣላ ነበር፣ ዳቦ ቆሎው ከንዴቴ የተነሣ አረረ።

ቅዳሜ ጠዋት የአጎታቸው ልጅ ከበር ቆሞ «እንሂድ እንጂ፤ የስማዳው መኪና ሳይሞላ» ሲል ሰማሁ። ውኃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮ ለደንበኛ የምሰፋውን ነጭ አቡጀዲ ሳልቆርጠው እንዲሰበሰብ ብዬ በትልቁ ሳፋ ነክሬው ነበር። ሳፋው ውስጥ ውኃው ቡናማ ሆኗል። ከአቡጀዲዬ ላይ የአባባ ጋቢ ተዘፍዝፏል፤ ሳሙናዬም ሙሉው አልቆ ስባሪው ቀርቷል። ለካ በር ሥር ያለው ጥቅል ገመዱ ተፈትቶ ግማሽ ሆኖ ነበር፤ ሳላየው ነው ያለፍሁት።

«አባባ!»

እሳቸው ከአጎታቸው ልጅ ጋር ደጅ ቆመዋል።

«በእርጥብ ጋቢ ልሂድልህ?» ይሉታል።

«ማን ነከረው?»

«እኔ።»

«ዛሬ እንደምንሄድ እያወቅህ?»

«ቆሽሾ ነበራ።»

«እንካ የእኔን ልበስ። እኔ ኮት አለኝ።»

«የሰው ጋቢ ለብሼ አገሬ አልገባም።»

ሰውዬው ወደ እኔ አየ። እኔ ምን ልበለው? በቡናማ አረፋ የተሞላ እጄን አሳየሁት። «ታዲያ ሲደርቅ እንሂድ?» አላቸው። አባባ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ የጋይንት ደመና ከጣሪያችን በላይ ተኝቷል፣ በዚህ ብርድ ጋቢ ሳምንትም አይደርቅ።

«ሲደርቅ እናያለን» አሉት።

ሄደ። ስንቁን ግን ተሸክሞት ሄደ፤ የእሳቸው ስንቅ እሱ ትከሻ ላይ ሆኖ በመንገዱ ሲወርድ አየሁት። ልጠራው አስቤ ነበር፣ ተውሁት።

ያን የሚያህል ጋቢ አንድ ሰው አይጨምቀውም። አባባ ሳይጠየቁ አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እኔ ሌላውን ያዝሁ። ብናጠማዝዘው ብናጠማዝዘው ውኃው አይወርድም፤ ለካ ጋቢው በሁለታችን መካከል አንድ ላይ ይዞራል እንጂ አይጠመዘዝም።

«አባባ፣ ወደ ሌላው ጎን ያዙሩት!»

«አንቺ ወደ ሌላው አዙሪው።»

«እኔ ልክ ነኝ!»

«እኔስ?»

ወደ ሌላው አዞርሁት፤ እሳቸውም በዚያው ቅጽበት ወደ ሌላው አዞሩት። ጫማዬ የስማዳ አፈር ባደፈረሰው ጠብታ ራሰ። አቡጀዲውን ለባለቤቱ ምን ብዬ እንደማስረክብ እያሰብሁ ጫፉን እንደገና ያዝሁ።

«ነገ ያ ልጅ ይመጣል?» አሉኝ።

«ይመጣል።»

«እንግዲያ አንድ ጋሻ ጃግሬ አይበቃትም። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። እሷ መሀል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ሁለት ስንዝር ነው ያልሽኝ?»

«ሁለት ስንዝር ነው አባባ። አሁን እባክዎን ዝም ብለው ይያዙት፣ እኔ ብቻ ላዙር።»

ያዙት። ይኸው አንድ ቀን እንኳ ሰሙኝ ስል፣ ገና ማዞር ስጀምር እሳቸውም ያዞሩት ጀመር።